እርምት የማይወጣበት ገጽ

ዛሬ ጠዋት 18 ማዞሪያ ላይ ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ አስቆሙኝና፣ «አንተ ሰው፣ ባንተ የተነሳ ጃጀች እየተባልኩ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎጌ ላይ ስለ ሰፈራችን ስጽፍ፣ የድሮው የታክሲ ፌርማታ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነበር ብዬ ነበር። እትዬ ጽጌ ከጽሑፉ ሥር «ዳቦ ቤቱ ጋ እንጂ ወፍጮ ቤቱ ጋ አልነበረም» ብለው አረሙኝ። ልክ ነበሩ።

ገጹን የምታስተዳድርልኝ የእህቴ ልጅ «ወፍጮ ቤት» የሚለውን አጥፍታ «ዳቦ ቤት» ብላ አስገባች። መለወጡን ግን የትም አልጻፈችም።

ስለዚህ አሁን የሚያነብ ሰው፣ እትዬ ጽጌ የሌለ ስህተት ሲያርሙ ነው የሚያየው። አንዱ «እማማ፣ መነጽርዎን ይወልውሉ» ብሏቸዋል። ብዙ ሰው ስቆበታል።

«ተስተካክሏል እኮ ጋሼ፣ ምን ቀረ?» አለችኝ ልጅቷ።

የቀረውማ የሰው ስም ነው። ጋዜጣ ላይ የታተመ ስህተት አይጠፋም። ስለዚህ ጋዜጠኛ ሳለሁ በሚቀጥለው እትም «እርምት» ብለን፣ የተሳሳትነውንም ትክክሉንም እናወጣ ነበር፤ ቦታው ከሐዘን ማስታወቂያ ጎን ቢሆንም። እዚህ ግን የተሳሳተው ንጹሕ ይሆንና ባረመው ሰው ይሳቃል።

እርምቱን ስማቸውን ጠቅሼ ከጽሑፉ አናት ላይ አስገባሁ። በስልክ ሳነብላቸው፣ «ያ የመነጽሩ ልጅ ተመልሶ ያየዋል?» አሉኝ።



እናንተስ፣ አስተያየት ከሰጣችሁ በኋላ ጽሑፉ በዝምታ ተቀይሮባችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ?