ክር ያላቸው ጠገራዎች

ከድሬዳዋ የተነሳሁት በጠዋት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የእማዬ ሦስት ጠገራ ብሮች በጨርቅ ተቋጥረዋል። ዋጋ የሚያወጡ ከሆነ ሸጠን የሚያፈሰውን ጣሪያ እንድናድስ ነው የላከችኝ። «አንጥረኛ እዚሁ ሞልቶ የለም እንዴ?» ብላት፣ «ጅቡቲ፣ ካርቲየ አንድ ሰፈር፣ ሐጂ ዑመር ጋ ብቻ!» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ድሮ አራት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ሰማያዊ የአንገት ክር አላቸው። አራተኛውን፣ ታናሽ ወንድሜ ጀማል በጅቡቲዋ ኦቦክ ወደብ በኩል ወደ የመን ሊሻገር የወጣ ዕለት አንገቱ ላይ አሰረችለት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። እቤት ውስጥ ስሙ ከተነሳ ሁላችንም ድንገት ሥራ ይበዛብናል።

ቀትር

ከባቡር ወርጄ በታክሲ ከተማ ስገባ የጫቱ መኪና ቀድሞኛል። ጫት ከገባ በኋላ ጅቡቲ ውስጥ ሱቅ ክፍት ማግኘት ዘበት ነው፤ መንገድ ላይ የቀሩት ካርቶን የሚያኝኩ ፍየሎች ብቻ ናቸው። የየመን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር በላሁ። የከፈልኩት ፍራንክ ድሬዳዋ ቢሆን ሦስት ሰው ያጠግባል፣ ግን ይጣፍጣል።

ሱቆቹ እስኪከፈቱ በእግሬ ዞርኩ። የገዛ ጫማዬ ድምፅ ሰው የሚከተለኝ እየመሰለኝ ደጋግሜ ወደ ኋላ አየሁ። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ጥላ ሥር የአገራችን ልጆች ተደርድረው ተኝተዋል። መተንፈሳቸውን እስካይ ድረስ ቆምኩ። አንዱ ዓይኑን ሳይገልጥ «እህቴ፣ ውሃ አለሽ?» አለኝ። የውሃ ፕላስቲኬን እጁ ላይ አኑሬለት ሄድኩ።

ሐጂ ዑመር ጋ

ሐጂ የሐረር ሰው ናቸው፤ ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ መብራት ጠፍቶ በድንግዝግዝ ተቀምጠዋል። ጠገራዎቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ጣል እያደረጉ ድምፃቸውን አዳመጡ።

«ብሩ ንጹሕ ነው። ግን ለክር ማስገቢያ ጆሮ ተበይዶበታል፤ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ይህን አይፈልግም። በሚዛን ልግዛው። ክሩን አውጪልኝ።»

የእማዬ ቋጠሮ አልፈታ ሲለኝ መቀስ ተቀብዬ ቆረጥኩ። የሁለቱን አወጣሁ፤ የሦስተኛውን ቆርጬ ገና ሳላወጣው ዋጋውን ነገሩኝ። የጣሪያውን ሩብ አይሸፍንም።

ፊቴ ሲጠቁር አይተው አንድ ሰፊ ትሪ አመጡና አጠገቤ አስቀመጡ። «አላታለልኩሽም፤ ይኸው ጆሮ ያለው ገዢ አጥቶ ተከምሯል።» ጠገራ መቼም ይመታ መቼ፣ ላዩ ላይ ያለው ዓመት አንድ ነው፤ የተቀረጸችበት ንግሥትም ያችው ናት። ያ አንድ ፊት ከትሪው ሙሉ አፈጠጠብኝ። ሁሉም ከነክራቸው ነበሩ።

«የማን ናቸው?»

«የተሻጋሪዎቹ። እናቶቻቸው ያስሩላቸዋል፣ እዚህ ሲደርሱ ለሚያሻግራቸው ደላላ ክፍያ ብለው ይሸጡታል። ባለቤቱ ከመጣ ብዬ አላቀልጠውም። ክሩ የተፈታው፣ ልጁ ራሱ የሸጠው ነው።»

«የተቆረጠውስ?»

«እሱን ሌላ ሰው ነው ከበረሃ የሚያመጣልኝ። ሬሳ አንገት ላይ ቋጠሮ ሲፈታ የሚውል የለም፣ ልጄ።»

እማዬ ስለዚህ ትሪ ሰምታ እሳቸው ጋ እንደላከችኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈራሁ፤ ግን እጄ ቀድሞኝ ትሪው ውስጥ ገባ። የእኛ አንጥረኛ ጆሮዎቹን ሁሉ ወደ ቀኝ አዝምሞ ስለበየዳቸው የጀማልን አላጣውም። ብዙም ሳልፈልግ አገኘሁት። የዘመመ ጆሮ፣ ሰማያዊ ክር። ክሩ ተቆርጧል።

ጮህኩ መሰለኝ። ሐጂ እጄን ያዙና «መጀመሪያ የራስሽን ቁጠሪ» አሉኝ። ሚዛኑ አጠገብ የቀሩት ሁለት ናቸው። ትሪው ሲቀመጥ ሦስተኛው ሳላውቀው ከእጄ ተንሸራቶ ገብቷል። የያዝኩት እኔው ራሴ የቆረጥኩትን ነበር።

የቀሩትን እስከ መጨረሻው አገላበጥኩ። የጀማል የለም። «አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። ሐጂ ግን አብረውኝ አልተደሰቱም።

«ባሕሩ የዋጠውን ጠገራ ለእኔ አያመጣልኝም» አሉ ቀስ ብለው።

ሳልሸጥ ወጣሁ።

ድሬዳዋ

እማዬ ዋጋውን አልጠየቀችኝም። በር ላይ እንደቆምኩ «ነበረ?» አለችኝ።

«አልነበረም።»

«አልሸጠውማ! አንገቱ ላይ ነው!» ፊቷ በራ። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

የሐጂን የመጨረሻ ቃል ዋጥኩት። አሮጌ ብር ዋጋ አለው ወይ ለሚለኝ፣ ጆሮ ያለው በሚዛን ነው የሚሸጠው እለዋለሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ሌላውን ለእማዬ መንገር አልችልም።

እሷ አዲስ ሰማያዊ ክር አምጥታ ሦስቱን በአንድ ላይ ሰካቻቸው። ከዚያም ለአራተኛው የሚሆን ቦታ ትታ ቋጠረችው።