ሱሉልታ የተገኘው የባለቤቴ ምስክር

ይህ የገጠመኝ ካቻምና ጥቅምት ላይ ነው። ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። የሚያምነኝ አለ፣ "አጋነንከው" የሚለኝም አለ። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል። አንድም ሳልጨምር እንደሆነው ልጻፈው።

የምኖረው ቡራዩ ነው። የከባድ ማሽን መካኒክ ነኝ። ከዚህ በፊት አንጎላ ውስጥ ለአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴን ያኔትን ያገኘኋት እዚያ ነው። ኩባዊት ናት፤ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነበረች። ማሽን እጄን ቆርጦኝ ስሄድ ቁስሉን የሰፋችልኝ እሷ ናት። ትውውቃችን እንደዚያ ጀመረ። የኔ ኮንትራት ሲያልቅ ወደ አገሬ ተመለስኩ፤ እሷ እዚያው ቀረች። ሁለት ዓመት በስልክ ብቻ ኖርን። በመጨረሻ ሥራዋን ጨርሳ፣ የአንድ ወር የጎብኚ ቪዛ አግኝታ መጣች።

የመጣችው ቤተሰቤን ልታይ ነው። ስለ ጋብቻ "አንድ ቀን" እያልን ነበር የምናወራው። እናቴ ግን ሁለት ሳምንት ከእሷ ጋር ከቆየች በኋላ ጠራችኝና፣ "ይቺን ልጅ ልሸኛትና እንደገና በስልክ ላግባት ነው የምትለው?" አለችኝ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ተጋባን።

እኔ የዋህ ነበርኩ። ካገባኋት አለቀ፣ ከእንግዲህ የምትሄድበት የለም ብዬ ነበር ያሰብኩት። በሠርጉ በሦስተኛው ቀን ፓስፖርቷን ይዘን ኢሚግሬሽን ሄድን። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ ረጋ ብላ አስረዳችን።

"ሁለት መንገድ አላችሁ" አለች። "አንዱ፣ ቪዛዋ ሲያበቃ አገሯ ትመለስና እዚያ ሆና ትጠይቃለች። ሁለተኛው፣ ቪዛዋ ሳያልቅ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ እዚሁ ሆና በትዳር የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ትችላለች። ወረቀቱ አላችሁ?"

"ሠርጋችንን ሦስት መቶ ሰው አይቶታል" አልኳት።

ሳቀች። "ሦስት መቶው ሰው እዚህ አይጠቅምህም። ማኅተም ያለበት አምጣልኝ።"

ቪዛዋ ሊያበቃ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

የመጀመሪያውን መንገድ ሁለታችንም ፈራነው። ሁለት ዓመት የጠበቅነው ለዚህች አንድ ወር ነው። ከሄደች መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ የለም። በታክሲ ተመለስን። ቡራዩ ደርሰን ስንወርድ ያኔት በዚያ ፖርቱጋልኛና ስፓኒሽ በተደባለቀው የኛ ቋንቋ፣ "ደግነቱ ሻንጣዬን ገና አልፈታሁትም" አለችኝ። እንደ ቀልድ ልትናገረው ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን እምቢ አላት።

በማግስቱ ጋብቻ ወደሚመዘገብበት ጽሕፈት ቤት ሄድን። መዝጋቢው ጠንቃቃ ሰው ነው። ያላገባች መሆኗን የሚገልጸው ወረቀትና የልደት ምስክር ወረቀቷ ተተርጉመው እንዲቀርቡ ጠየቀን። እነሱ እንኳ ነበሯት፤ እናቷ ናቸው "ምን እንደሚመጣ አይታወቅም" ብለው ያስያዟት። ጭንቁ ሌላው ነው።

"በእርስዎ በኩል ሁለት ምስክር፣ በእሷም በኩል ሁለት ምስክር ያስፈልጋል" አለኝ። "በእሷ በኩል የሚቆሙት ከበፊት ጀምሮ የሚያውቋት ይሁኑ። ሌላ ትዳር እንደሌላት በመሐላ ነው የሚናገሩት።"

ኢትዮጵያን ከረገጠች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ከኔ በቀር ከበፊት የሚያውቃት ማን አለ?

ደረጄ የሚባል ባለ ብየዳ ቤት ጓደኛ አለኝ። ነገሩን ሲሰማ፣ "ይሄም ችግር ሆኖ ነው? አንጎላ አብሬያቸው ነበርኩ ብዬ እምላለሁ። አንድ ሰው ደግሞ እጨምርልሃለሁ" አለ። እውነቱን ለመናገር ልስማማ ምንም አልቀረኝም። ለያኔት ስተረጉምላት ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ትዳሬን በውሸት መሐላ አልጀምርም" አለች። "እሄዳለሁ። እንደመጣሁ እመጣለሁ።"

ደረጄ ስፓኒሽ አይሰማም። ፊቷን አይቶ ግን ገባውና ሐሳቡን ተወው።

ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ነበር። ቢያንስ ወረቀቶቹ ይተርጎሙ ብዬ ሁለታችንም አዲስ አበባ ወደ አንድ የትርጉም ቤት ሄድን። ስፓኒሽ የሚሠሩላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጡት። "ዛሬ ጠዋት መጥተው ሄዱ" አለችን ጸሐፊዋ። ተለማመጥኳት። ደወለችላቸው። "ሱሉልታ ድረስ ከመጡ ዛሬውኑ እሠራላቸዋለሁ" አሉ። ስማቸው ዶክተር ገመቹ ነው አለችኝ።

ሱሉልታ ስንደርስ መንገድ ዳር ድርቆሽ የሚሸጡ አንዲት እናትን ጠየቅሁ።

"ዶክተር ገመቹ?" ብለው ትንሽ አሰቡ። "ኤዬ! ኦቦ ኩባን ነዋ የምትለኝ!" አሉና ባጃጅ ጠርተው የዶክተሩን ቤት በኦሮምኛ ለሾፌሩ ነገሩልን።

"አቶ ኩባ" ማለታቸው ነው፤ ስፓኒሽ ስለሚያውቁ ያወጡላቸው ስም ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰውየው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ግቢያቸው ስንገባ አንዲት ላም እያከሙ ነበር። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው። እጃቸውን ታጥበው መጡና "አካም ጅርቱ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ። ከዚያ ወደ ያኔት ዞረው በስፓኒሽ ሰላምታ ሰጧት። ያኔት ክው አለች። "እንደኛ ሰፈር ሰው እኮ ነው የሚያወሩት!" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ታሪካቸውን የነገሩን። አባታቸው ወታደር ነበሩ። በምሥራቁ ጦርነት ሲሞቱ እሳቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናቸው። ያኔ አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ብዙ ልጆች ለትምህርት ኩባ ሲላኩ እሳቸውም አብረው ሄዱ። እዚያው አድገው፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ነው የተመለሱት።

"እናቴም በኢትዮጵያውያን ልጆች ትምህርት ቤት ምግብ ታበስል ነበር" አለቻቸው ያኔት። ይህን ለኔም ነግራኝ ታውቃለች። ለሷም ለኔም ከደስ የሚል ወሬ ያለፈ ትርጉም አልነበረውም።

ዶክተር ገመቹ ሳቁ። "እኛም ብዙ ነበርን፣ አብሳዮቹም ብዙ ነበሩ" አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ሥራ ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ወረቀት ጨረሱ። የልደቱን ያዙ። የትውልድ ቦታዋ ላይ ሲደርሱ፣ "እኛ የተማርንባት ደሴት" ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ የእናት ስም የሚለው ላይ ደረሱ። እስክሪብቶው ቆመ።

"ካሪዳድ" ብለው አነበቡ። የካሪዳድን የአባት ስምም አስከትለው አነበቡ። ደግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ያኔትን ትክ ብለው ያዩዋት ጀመር። ደንገጥ አልኩ። ወረቀቱ ላይ ስህተት የተገኘ መሰለኝ።

"እናትሽ ቀኝ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ እስከ አንጓዋ፣ የቃጠሎ ጠባሳ አለ?" ብለው ጠየቋት።

ያኔት ከመቀመጫዋ ተነሣች። "አለ። የፈላ ዘይት ነው። አንድ ተማሪ ላይ ሊደፋ ሲል ነው ብላኛለች። እንዴት አወቁ?"

"ተማሪው እኔ ነኝ" አሉ።

ዶክተር ገመቹ ታሪኩን ቀጠሉ። ኩባ በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ነው። የተጠበሰ ሙዝ ሽታ ስቧቸው ተደብቀው ኩሽና ይገባሉ። መጥበሻውን ሲነኩት ተገለበጠ። አብሳይዋ ዘይቱን በክንዷ መከተችው።

"እኔን ጠብታ አልነካኝም" አሉ። "ሆስፒታል የገባችው እሷ ናት። የወጣች ቀን ክንዷ እንደታሰረ ሳህን ይዛ መጣች። ትቆጣኛለች ብዬ ስሸሽ፣ 'ና ብላ፣ ዛሬ ሳትሰርቅ ብላ' አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማማ ካሪ ነው የምላት። እናት ሆነችኝ።"

ያኔት እያለቀሰች ስልኳን አወጣች። በኛ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ኩባ ጠዋት ነው። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆራረጠ። በአራተኛው የእናቷ ፊት ወጣ። ያኔት ምንም ሳትናገር ስልኩን ወደ ዶክተር ገመቹ አዞረችው። አሮጊቷ ሽበታሙን ሰው አይተው ግራ ገባቸው። "ማናቸው እኚህ?" አሉ።

ዶክተር ገመቹ በስፓኒሽ፣ "ማማ ካሪ፣ የተጠበሰ ሙዝ አለ?" አሉ።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ አሮጊቷ ጮኹ። "ገሜ! የኔ ገሜ ነህ?"

እኒያ ትልቅ ሰው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ልጅ አለቀሱ። ባለቤታቸው ከቤት ሮጠው ወጡ፤ ሰው የሞተ መስሏቸው ነበር። በኦሮምኛ ነገሩን ሳስረዳቸው እሳቸውም አለቀሱ።

የሚደንቀው እዚህ አላበቃም። ሲረጋጉ ዶክተር ገመቹ፣ "ወደ አገሬ ልመለስ ስል ልሰናበትሽ መጥቼ አልነበር? ከሙሉ ጋር። አራስ ነበርሽ" አሏቸው።

"ሕፃኗን ጭንህ ላይ አስቀምጬልህ እጥላታለሁ ብለህ ፈራህ" አሉ እናትየው። "አጠገብህ ያለችው እኮ ያቺው ናት።"

ያኔትን አየኋት። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ የግቢውን አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ምስክር ፍለጋ እንቅልፍ ያጣሁለት ነገር ከፊቴ ተቀምጦ ስልክ ያወራል።

ዶክተር ገመቹ ችግራችንን ሲሰሙ በቀጥታ ወደ ስልኩ ዞረው፣ "ማማ ካሪ፣ ልምልላት ነውና እውነቱን ንገሪኝ፤ ይቺ ልጅ ሌላ ባል አላት?" አሉ።

"ቢኖራት ኖሮ እኔ ሳልሰማ፣ ሰፈሩ ሳይሰማ ይቀር ነበር?" አሉ እናትየው። ሁላችንም ሳቅን።

"ሙሉ" የተባሉት ወይዘሮ አብረዋቸው ኩባ ያደጉ ናቸው፤ ሰበታ ነው የሚኖሩት። ዶክተር ገመቹ እዚያው ደወሉላቸው። በስፓኒሽ ነው የሚያወሩት። ለሃያ ደቂቃ ያህል ተራ በተራ ይስቃሉ፣ ተራ በተራ ያለቅሳሉ።

ትርጉሙ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ካለቀ በኋላ፣ ቪዛዋ ሊያበቃ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሁለቱም ቡራዩ መጡ። ወይዘሮ ሙሉ ከሰበታ ድረስ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ለያኔትም አንድ ነጠላ ይዘውላት ነው የመጡት። ገና ሲያዩዋት ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "የካሪን አፍንጫ ይዛ መጣች!" አሉ።

መዝጋቢው ዶክተር ገመቹን አስማላቸውና፣ "ሙሽራዋን ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ከአራስነቷ።"

መዝጋቢው ቀና አለ። "ይቅርታ፣ የማወራው ስለ ኩባዊቷ ነው።"

"እኔም ስለሷ ነው።"

ወደ ወይዘሮ ሙሉ ዞረ። "እርስዎስ?"

"እኔም ያን ቀን ነው ያቀፍኳት" አሉ። "ከዚያ በኋላ አድጋ አላየኋትም፤ ያንን አልዋሽም። ትዳር እንደሌላት ግን እናቷን ጠይቀን፣ ወረቀቷንም አይተን ነው የምንምለው።"

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ታሪኩን ከመጀመሪያው ንገሩኝ አለ። ከውጭ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ማንም "ቶሎ በሉ" አላለም። ሲጨርሱ ኃላፊውን ጠርቶ አማከረና መዝገቡን ከፈተ። አራቱም ምስክሮች ፈረሙ። ደረጄ በኔ በኩል ነበር የቆመው።

በማግስቱ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዘን ኢሚግሬሽን ሄድን። ማመልከቻችንን ተቀበሉን። ያኔት ሳትሄድ ቀረች። ከጊዜ በኋላ የመኖሪያ ፈቃዷ ወጣላት፤ ጊዜው ሲደርስ እየሄድን እናሳድሳለን። ዛሬ ቡራዩ ባለ አንድ ክሊኒክ ለመሥራት ፈቃዷን እየተከታተለች ነው። አማርኛና ኦሮምኛ እየደባለቀች ከታክሲ ረዳቶች ጋር ትከራከራለች።

እኔ ብዙ የምጸልይ ሰው አልነበርኩም። ይህን ግን አጋጣሚ ነው ብዬ ለማለፍ አፌ አይታዘዝልኝም፤ ሌላ ስም እንዳልሰጠውም እፈራለሁ። ያን ጠዋት ተርጓሚውን ቢሯቸው ብናገኛቸው ኖሮ ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ሰጥተን እንወጣ ነበር፤ ከያኔት ጋር ቁጭ ብለው ሳያወሩም ወረቀቱ ከሌላው ወረቀት ጋር ተደርድሮ ያልፍ ነበር።

ፈቃዷን ልናሳድስ ስንሄድ አሁን እንደ ድሮው ወረፋው አያበሳጨኝም። አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አያለሁ፤ ከየአገሩ የመጡ፣ ፋይላቸውን ያቀፉ፣ ጎን ለጎን ዝም ብለው ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች። ማን የማንን እናት እንደሚያውቅ ማን ያውቃል እላለሁ በሆዴ። ከዚያ አጠገቤ ወዳለው ሰው ዞር እልና ሰላም እለዋለሁ።