ቄጤማ ከብረት ማቅለጫው ዳር

የወጣሁ ዕለት ማታ አባቴ ጨፌውን አቋርጠው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ጨፌ የምላችሁ ከማንኩሳ ወዲህ፣ በወንዙ ዳር ያለውን የወል ግጦሻችንን ነው። ረጥቦ ጫማዬን ሲውጠው አይተው፣ "አውልቀው፤ ለሰው አገር ይሁንህ" አሉኝ። አወለቅሁ። ከዚያ ወዲያ መተማ፣ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ባሕሩ... እሱን እንኳ ተዉት። ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም አይየው።

ዛሬ ጀርመን አገር መጋዘን ውስጥ ካርቶን አነሳለሁ። ደክሞኛል። ስተኛም ደክሞኛል፣ ስነሳም ደክሞኛል። እዚህ ሰው "እንዴት ነህ?" ይልህና መልሱን ሳይሰማ ያልፍሃል፤ እኛ ዘንድ እኮ የከብቱ ጤና ሳይቀር ይጠየቃል!

ሰሞኑን ደግሞ አባቴ አንድ ነገር ጫኑብኝ። ቆዳ ፋብሪካ የሚያቆም ባለሀብት ጨፌውን ፈልጎታል፤ ከፋሲካ በኋላ ቀበሌው ሰው ሰብስቦ ሊያነጋግር ነው። "አንተ የፋብሪካ አገር ሰው ነህ፤ ይሁን ወይስ ይቅር? በበዓሉ ዋዜማ ቃልህን ስጠኝና ለሽማግሎቹ ልንገር" አሉኝ። ጉድ እኮ ነው፣ እኔ ካርቶን ተሸካሚው አማካሪ ሆንሁ!

ቅዳም ሹር ዕለት ከሥራ ወጥቼ፣ የምላቸውን እያሰብሁ ከመጋዘኑ በታች ወዳለው ወንዝ ወረድሁ። ቦታው ድሮ ብረት ማቅለጫ ነበር። ከተዘጋ ወዲህ ዛፉም ሣሩም እንዳሻው በቅሎበት፣ አሁን የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ነው ይሉታል። በጭስ ማውጫው አናት ወፍ ጎጆ ሠርቷል። በዛገው ሐዲድ መሐል ቀጫጭን ነጫጭ ዛፎች ቆመዋል። በውሃው ዳር ዳር ስሄድ ምን ባይ ጥሩ ነው? ቄጤማ! የኛው ቄጤማ! እንባዬ መጣ። የካርቶን መቁረጫዬን አውጥቼ አጨድሁ፤ አንዷንም እንደ ቅዳም ሹር ደንባችን በግንባሬ ዙሪያ አሰርሁ።

"ሃሎ! ፈርቦትን!" አለኝ አንድ ድምፅ። ክልክል ማለት ነው፤ እዚህ አገር መጀመሪያ የሚለመደው ቃል እሱ ነው። ዞር ስል አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰች የቦታው ጠባቂ ቆማለች።

"ለጥንቸል ነው?" አለችኝ።

"ጥንቸል የለኝም።"

"ታዲያ ማን ሊበላው?"

"አይበላም። ለፋሲካ ቤት ይጎዘጎዛል።"

"ፋሲካማ አልፏል!"

"ያለፈው የናንተ ነው። የኛ ነገ ነው።"

ግንባሬን አየችው። "እሱስ?"

"ይህ የምሥራች ነው። ውሃው መጉደሉን ማብሰሪያ።"

ወንዙን ዞር ብላ አየችው። "የቱ ውሃ?"

"የኖኅ ጊዜው።"

ሳቀች፤ ቅጣቱንም ተወችልኝ። ቄጤማውን ግን ወሰደችው። "ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው አፈር መርዝ ነው። ፋብሪካው የደፋው ሁሉ እዚያው ነው" አለችኝ።

"ከተዘጋ ስንት ዘመኑ!"

"እሱ ተዘጋ፣ አፈሩ አልዳነም። ከብት እንኳ እዚህ አይሰማራም።"

ከብት ስትለኝ ጨፌው ታወሰኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ደወልሁ።

"እንዴት ዋሉ አባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጾሙ እንዴት አደረገህ?"

"አባ፣ ጨፌውን እንዳይሰጡ። ፋብሪካው ይቅርብን ብለው ይንገሯቸው።" ያየሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት፤ አፈሩን፣ ውሃውን፣ ከብቱን።

"እንደሚከፋ እኛም አላጣነውም ልጄ" አሉ።

"ታዲያ ምን ሊሆን ጠየቁኝ?"

"እታለም ሻንጣ ገዝታለች።"

እታለም ታናሽ እህቴ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። "ፋብሪካው ከመጣ ሥራ አገኛለሁ፣ እቀራለሁ ብላለች። ካልመጣ አንተ ወዳለህበት ነው። እናትህ ደግሞ ሁለተኛ መሸኘት አትችልም። አሁንም ይቅር ካልህ፣ አንተው ንገራት" አሉና ስልኩን ሰጧት።

"ወንድሜ ይኸነው! እንኳን አደረሰህ! አገሩስ እንዴት ነው?"

ሁልጊዜ የምላት "ጥሩ ነው" ነበር። ምን ይዋጠኝ? "ደክሞኛል እታለም" አልኋት። "በጣም ደክሞኛል።"

"ሥራ በዝቶብህ ነዋ!" አለችኝ። "አይ መታደል!"