ጋሽ ላቀው ስድብ ተቀብለው የዘፈኑ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ለንደን ሆሎዌይ ሰፈር ብርድ ሲገባ ፀሐይዋ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ጥላን ትሄድ ነበር፤ ያኔ ከቤት ሥራዬ አምልጬ ጎረቤታችን ጋሽ ላቀው ዘንድ እሮጣለሁ። እሳቸውም መብራቱን አጥፍተው፣ ዘንጎቹ እንደ ፍም ከቀሉት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ፊት ይቀመጡና፣ የሲጋራቸው ጢስ ጣሪያውን እስኪሰውረው ድረስ የካንትሪ ዘፋኝ የሆኑበትን ደም የፈሰሰበት ታሪክ ያወሩልኛል።

አባታቸው ጎንደር አዝማሪ ነበሩ። ጋሽ ላቀው በልጅነታቸው ታዳሚ የወረወረላቸውን ግጥም ተቀብለው ሲዘፍኑ አንዲት ቃል ከጣሉ፣ የማሲንቆው ደጋን ጀርባቸው ላይ ያርፍ ነበር። ሸሚዛቸውን ገልበው አሳይተውኛል፤ ስሞት፣ ጠባሳው ከሆሎዌይ ከተማውን አቋርጦ እስከ ስትሪትሃም ይደርሳል።

ለንደን መጥተው የአንድ መጠጥ ቤት ሳህን ሲያጥቡ ካንትሪ የሚሉትን የአሜሪካ ባላገር ዘፈን ሰሙ። «ፈረስ፣ መጠጥ፣ የከዳች ሴት! ይሄማ የአባቴ ዘፈን ነው፣ ባርኔጣ አድርጎ ነው እንጂ!» ብለው ጊታር ተማሩ፤ ማናጀሩንም ለምነው አንድ ምሽት ተሰጣቸው። ሰው ካልወደዳቸው ግን ወደ ሳህናቸው ለዘላለም መመለሳቸው ነው።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ቀይ ጢማም ሰካራም፣ ማዶ የተቀመጠውን ግዙፍ ሥጋ ሻጭ «ሚስትህ የሸሸችው ሽታህን ነው!» ብሎ ጮኸበት። የአዝማሪ ልጅ የተወረወረለትን መሬት አይጥልም፤ ጋሽ ላቀው ለሰካራሙ እጅ ነሥተው ስድቡን በዜማ አስገቡና ሥጋ ሻጩ ፊት ቆመው ሦስት ጊዜ ደጋገሙለት።

መጀመሪያ የሥጋ ሻጩ ብርጭቆ ግንባራቸውን አገኘ። ከዚያ ወንበር በረረ፣ ጥርስ ረገፈ፣ ቀይ ጢማሙ በመስኮት ወጣ። ጋሽ ላቀው ግን ደማቸውን እየዋጡ፣ የሚጮኸውን ስድብ ሁሉ እየተቀበሉ ዘፈኑ፤ ግጥም ወርዋሪው አቁም ሳይል ማቆም ለአዝማሪ ነውር ነዋ!

«ስንት ሆነው ነው የመቱዎት?» እላለሁ።

«ሃያ!»

«ባለፈው ስምንት ነበሩ» ይላሉ ሚስታቸው እትዬ ብርቄ ከጓዳ።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«ሸሚዝህን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? የስምንት ሰው ደም ነው!»

ማናጀሩ ከባንኮኒው ሥር አንገቱን አውጥቶ ቢያይ፣ ሰዉ በአንድ እጁ ይደባደባል፣ በሌላው ጠረጴዛ እየመታ ያጅባል። «ቅዳሜም ና!» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ላቀው ሳህን ነክተው አያውቁም፤ የቤታቸውንም ጭምር፣ እትዬ ብርቄ ይመስክሩ።

ስንቱ እውነት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እኔ ላይ የቀረው ግን፣ ሰው ሲሰድበኝ ከንዴቱ በፊት ዜማው ነው የሚመጣብኝ። ባለፈው ወደ ሰቨን ሲስተርስ በሚሄድ ባቡር ውስጥ አንዷ ብትሰድበኝ ተቀብዬ ዘፈንኩላት። የግራ ዓይኔ ይኸው እስካሁን አልተከፈተም፤ ተሳፋሪው ግን አጨብጭቦልኛል።