የዘገዬ ልብ ዋሶች

ዘገዬ ባቡር ነጂ ነበር። ስሙ ለሥራው እንደማይስማማ ያልነገረው ሰው በመስመሩ ላይ አይገኝም። ከአዋሽ ተነሥቶ አዳማ በሰዓቱ የገባ ቀን የጣቢያው ሸክመኞች፣ «ዛሬስ ስምህን አሳፈርከው» ይሉታል። በዚህ አይቀየምም። የሚቀየመው ፍሬኑን ሲነኩበት ብቻ ነው።

የፍሬኑን እጀታ በገዛ መሐረቡ ይወለውለዋል። ከጎኑ ቆሞ እንጨት ወደ ምድጃው የሚወረውረው እሳት አንዳጁ መርጋ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ አብረው ሲሠሩም ስምንት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ያም ሆኖ ባቡሩ ሲንገጫገጭ ክርኑ እጀታውን ቢነካ እንኳ ዘገዬ ፊቱን ሳያዞር፣ «እሳትህን ጠብቅ» ይለዋል። መርጋም በኦሮምኛው፣ «ኤዬ፣ ኦቦ» ብሎ በአክብሮት እሺ ይልና ይጠብቃል።

በ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ዘገዬ ባቡሩን እንደ ልማዱ አዳማ ጣቢያ አምጥቶ አቆመ፤ ወረደ፤ ከውሃው ታንከር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ መነሣት አቃተው። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ሸክመኞቹ ከበቡት። «ምች ነው!» አለ አንዱ፤ ሁሉም ተስማሙ። ዳማከሴ ተቆርጦ መጣ፣ በመዳፍ ታሸ፣ አፍንጫውንም ግንባሩንም ቀቡት። ጥቂት ቆይቶ ተሻለው። ባይቀቡትም ይሻለው ነበር፤ ነገር ግን ምስጋናውን ዳማከሴው ወሰደ።

ምች እንዳልሆነ ዘገዬ ያውቃል። ደረቱ ውስጥ ቅርጫት እንደተደፋባት ዶሮ የሚንፈራገጥ ነገር ነበር። ይህንንም ለሚስቱ ለተሻለች ብቻ ነገራት። ባይነግራትም ታውቅ ነበር። ድሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቀድሟት የሚሄደው ሰው፣ አሁን ዳገቱ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አማቱ ጤና ይጠይቃል። ትንፋሽ እስኪሰበስብ ድረስ ነው። አገሩ ግን፣ «ዘገዬ በስተርጅና እንዴት ሰው ወዳድ ሆነ!» አለ።

«አንቱ፣ ሐኪሙ ሲመጣ ይንገሩት እንጂ» አለችው ተሻለች።

«ምኑን?»

«ዶሮዋን ነዋ።»

«እሱ የሰው ሐኪም ነው፤ ስለ ዶሮ ምን ያውቃል?»

የባቡር ሠራተኞቹ ሐኪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በየካቲት፣ የራሱን ፉርጎ አስቀጥሎ ይመጣል። ነጂዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ዓይናቸው ይታያል፣ ደረታቸው ይደመጣል፣ ከዚያ የጤና ወረቀት ይሰጣቸዋል። ያ ወረቀት የሌለው ሰው ባቡር አይነዳም። ዘገዬ ደግሞ ባቡር ካልነዳ ምን እንደሚሆን አስቦትም አያውቅ። መሬት የለው፣ ንግድ አያውቅ፤ የሚያውቀው ሐዲድ ነው።

ተራው ሲደርስ ሸሚዙን ከፍቶ ቆመ። ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ቀጭን ፈረንጅ ነው። ቀዝቃዛውን ማዳመጫ ደረቱ ላይ አኖረና አዳመጠ። ቁጭ ብድግ አስባለው። እንደገና አዳመጠ፤ አሁን ደግሞ ረዘም አድርጎ። ከዚያ ወደ ጣቢያው አስተርጓሚ ወደ አቶ ኃይለየሱስ ዞሮ ተናገረ። ኃይለየሱስ ሰው እንዳይከፋው የሚጠነቀቅ ሰው ነው፤ ከሰማው መራሩን ቀንሶ ነው የሚያስተረጉመው።

«ልብዎ ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ አንዱን ይዘለዋል ይላሉ።»

«ይዝለላ! የእኔ ልብ ነው፤ የእሳቸው አይደል!»

ይህን ኃይለየሱስ አላስተረጎመውም።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ከአንገቱ እያወረደ፣ ተስፋ እንደቆረጠ ሰው ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ የመጨረሻውን ቃል ተናገረ።

«ሁለት መቶ ሰው ከኋላዎ አስከትለው ቁልቁለት ሲወርዱ ይህ ልብ ቢቆምስ? እንደማይቆም ማን ዋስ ይሆነኛል? ይላሉ።»

ሐኪሙ መልስ ፈልጎ አልነበረም። ዘገዬ ባደገበት አገር ግን ይህ ጥያቄ መልስ አለው። በሬ ጠፍቶ የተጠረጠረ ሰው፣ እህል የሚበደር ሰው፣ ሎሌ የሚገባ ሰው፣ ሁሉም «ዋስ ጥራ» ይባላል። ክፉው ነገር ዋስ አንቀበልም ሲሉ ነው። ዋስ ከተጠየቀ ነገሩ ገና አልተቆረጠም። የዘገዬ ፊት በራ።

«ዋስ ነው እንዴ የቸገራቸው? ታዲያ ከመጀመሪያው አይሉም!» አለና ሸሚዙን እየቆለፈ ወጣ።

ቀኑ ገበያ ነበር። ሐኪሙ ምሳውን ሳይጨርስ ከፉርጎው በር ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከፊት የቆመው የወለንጪቲው የጨው ነጋዴ መሐመድሰዒድ ነው፤ በየሳምንቱ በዘገዬ ባቡር ይመላለሳል። ከጎኑ ለዚሁ ጉዳይ ካፖርቱን የደረበ ገበሬ፣ አቶ ደገፋ፣ ቆሟል። ከኋላ ተሻለች ነጠላዋን አጣፍታ፣ መርጋም ከነጥላሸቱ መጥቷል። የቀረው ሰው ለማየት የመጣ ነው። ኃይለየሱስ የልብ ዋሶች መምጣታቸውን ሲነግረው ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

«ለምኑ ነው ዋስ የምትሆኑት?»

«ለልቡ» አለ መሐመድሰዒድ።

«ለሰው ልብ እንዴት ዋስ ይሆናል?»

«ወላሂ፣ ሦስት ግመል ይዞ በረሃ ሊጠፋ ለሚችል ሰው ዋስ ሆኜ አውቃለሁ። ይህ ልብ ደረት ውስጥ ተዘግቶበት የት ይሄድብኛል?»

ሰው ሳቀ። ደገፋም ካፖርቱን አስተካክሎ፣ «እኔ ደግሞ በሬዬን አስይዛለሁ፤ ቀዩን» አለ።

ሐኪሙም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ ጠየቀ። «መልካም። በእናንተ ደንብ ሰውየው ከጠፋ ዋሱ ፈልጎ ያቀርባል። ይህ ሰው ቁልቁለቱ ላይ ሕይወቱ ቢያልፍ፣ በፉርጎ ያሉትን ሰዎች ማን ያቀርብልኛል?»

መሐመድሰዒድ በፉርጎ ካሉት ሰዎች አንዱ እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ አለው።

«ይኸማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ዋሱም አብሮ ሊጠፋ ነው።»

 ዘገዬ ዋሶቹን ተራ በተራ አያቸው፤ ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። ያን ጊዜ ተሻለች ከኋላ ተናገረች።

«ዋስ የሚሆነው አብሮት የሚውል ሰው ነው። መርጋ አለ አይደል?»

«መርጋ?» አለ ዘገዬ። «እሱ እሳት እንጂ ፍሬን የት ያውቃል?»

«ማን አስተምሮት ይወቅ?»

ሁሉም ወደ መርጋ ዞሩ። መርጋ እጁን ከኋላው ደበቀ። «ኦቦ ዘገዬ፣ እኔ አልነካሁም» አለ።

ሐኪሙ ነገሩ እስኪተረጎምለት ጠበቀና ፈረደ። እሱ ራሱ ሐኪሙ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ሌላ ነጂ ባቡሩን ይይዛል፤ ዘገዬ ከጎኑ ሆኖ መርጋን ያስተምር። ሲመለስ እሳት አንዳጁ ባቡሩን ቁልቁለት ላይ ብቻውን ማቆም ከቻለ፣ ዘገዬ የስድስት ወር ወረቀት ያገኛል፤ ያውም ከመርጋ ጋር ካልሆነ ላይነዳ። ካልቻለ ወረቀት የለም።

እንዲህ ሆኖ የዘገዬ እንጀራ በመርጋ እጅ ገባ። የመጀመሪያው ትምህርት ሳይነኩ ማየት ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ ሳይነኩ ማየት ሆነ። ሌላው ነጂ፣ «ሰውየው በዓይኑ ነው የሚያቆመው?» ብሎ እስኪቆጣ ድረስ ዘገዬ እጀታውን አልለቀቀም። መርጋ በመጨረሻ ሲይዘው፣ ስምንት ዓመት የተከለከለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳበው። የጨው ከረጢት ተንከባለለ፣ የቲኬት ቆራጩ ባርኔጣ በመስኮት ወጣ።

«ፍሬን ነው እንጂ የበሬ ቀንበር አይደለም!»

«በሬ ቢሆንማ አውቅበት ነበር፣ ኦቦ።»

እያደር እጁ ለዘበ። መርጋ ባማረበት ቁጥር ዘገዬን ደስ ይለዋል፤ ትንሽ ደግሞ ይከፋዋል። ሁለቱንም ለማንም አልተናገረም።

በፈተናው ቀን ሐኪሙና ኃይለየሱስ ከዘገዬና ከመርጋ ጋር ባቡሩ ላይ ወጡ። ወደ ወለንጪቲ ቁልቁል ሲወርዱ ሐኪሙ የዘገዬን ትከሻ መታ አደረገ። እንደሞተ ሰው ውደቅ ማለቱ ነው። ዘገዬ ወለሉን አየ፤ ጥላሸትና ዘይት ነው። ጋቢውን አወለቀ፣ አነጠፈ፣ ጫፉን አስተካከለ፣ ከዚያ ተጋደመ።

«እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚሞት ሰው አላየሁም» አለ ኃይለየሱስ።

ባቡሩ ግን በመርጋ እጅ ቆመ፤ አንድም ከረጢት አልተንከባለለም። ሐኪሙ እዚያው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ የዘገዬ ኑሮ የእሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሐኪሙ ባይቀበላቸውም መሐመድሰዒድና ደገፋ ከዋስትናቸው አልወረዱም። መሐመድሰዒድ ወለንጪቲ ላይ ጨው ከማስጫኑ በፊት እጁን የዘገዬ ደረት ላይ ያሳርፋል። ከተሻለች በሰማው ስም፣ «ዶሮዋ እንዴት አደረች?» ይላል፤ ተሳፋሪ ሁሉ መልሱን ይጠብቃል። በፋሲካ ማግስት ዘገዬ ሁለት ወር የጾመለትን ጥሬ ሥጋ ሊቆርጥ ቢላዋ ሲያነሣ፣ ደገፋ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገቡ ቆመ። «ቀዩን በሬዬን ልታስበላኝ ነው?» አለ። ዘገዬ ቢላዋውን አስቀመጠ። ደገፋ ሥጋውን ራሱ በላው፤ ለዋስትናው ድካም ይሁን ብሎ።

ግንቦት ላይ፣ ወደ መተሐራ ሲወርዱ፣ ዶሮዋ ተነሣች። ሙቀቱ ሐዲዱን ያርገበግበዋል፤ ሐይቁ በሩቅ ያብለጨልጫል። ዘገዬ እንደ ቀድሞው ዝም ብሎ ሊያሳልፋት አሰበ። ጣቢያው ቅርብ ነው። ዶሮዋ ግን በዚያ ቀን አልተመለሰችም። የፍሬኑ እጀታ ሁለት ሆኖ ታየው፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ አላወቀም። ከኋላው መሐመድሰዒድ ጨው ላይ ተቀምጦ ሲከራከር ይሰማል፤ ሕፃን ያለቅሳል።

«መርጋ» አለ፤ «ያዘው።»

መርጋ እንጨቱን ጥሎ ያዘ። ዘገዬ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ያን ቀን ጋቢ አላነጠፈም። ባቡሩ በጣም በቀስታ ከመቆሙ የተነሣ ተሳፋሪው፣ «ሐዲዱ ላይ ላም ገብታ ነው» አለ። መርጋ ውሃ አፈሰሰበት፣ ደረቱን ከፈተለት፣ በኦሮምኛ ጸለየለት፣ መጨረሻም ሰደበው። ዘገዬ ዓይኑን ሲገልጥ፣ «የሰደብከኝን ሰምቻለሁ» አለው። መርጋ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። የቀረውን መንገድ መርጋ ነዳ፣ ዘገዬ እንጨቱ ላይ ተቀምጦ አየ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ ላም ነበረች አሉ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ተመለሰ። በዚያ ጠዋት የዘገዬ ልብ እንዳማረበት ነው፤ ሐኪሙ ቢያዳምጥ ቢያዳምጥ አንድም የዘለለ አላገኘም። ደስ ብሎት ብዕሩን አነሣ። ከመፈረሙ በፊት ግን ደንባቸውን ማወቁን ለማሳየት ያህል ወደ መርጋ ዞረ።

«ዋሱ ምን ይላል? የሆነ ነገር ነበረ?»

መርጋ ጥላሸት ባልነካው በአንገቱ በኩል ቀይ ሆነ። «ላም ነበረች» አለ።

ኃይለየሱስ አስተረጎመ። ሐኪሙ ሳይገባው ትከሻውን ሰበቀና ብዕሩን ወደ ወረቀቱ አወረደ። ዘገዬ ብዕሩን አየ። ከዚያ መርጋን አየው። ስምንት ዓመት አብሮት ሲኖር ሲዋሽ ያየው ዛሬ የመጀመሪያው ነው፤ ምን ያህል እንደማይችልበትም ታየው። ዘገዬ ዝም ቢል ወረቀቱ የእሱ ነው፤ ቁልቁለቱም፣ መተሐራም፣ አዋሽም።

«ላም አልነበረችም» አለ። «እኔ ነኝ። ዋሴን አያስዋሹብኝ።»

ከዚያ የሆነውን ተናገረ። ኃይለየሱስ ቀስ ብሎ አስተረጎመው፤ በዚያ ቀን ምንም አልቀነሰም። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ብዙ ቆይቶ እንደገና አነሣና ሌላ ወረቀት ጻፈ። ዘገዬ ከእንግዲህ መስመር አይወጣም። አዳማ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ እያነሣች የምትቀጥለውን አሮጌዋን ትንሽ ባቡር ግን መንዳት ይችላል፤ እሷ ከሰው እርምጃ አትፈጥንም። መርጋ ወደ ነጂነት ሥልጠና ይግባ ተባለ።

በማግስቱ ዘገዬ ከወትሮው ቀድሞ ተነሣ፤ ባርኔጣውን አራገፈ፤ ጫማውን አሠረ።

«ተሻለች፣ ስንቄስ?»

ተሻለች በአጥሩ በኩል አየች። ከውሃው ታንከር እስከ እህል መጋዘኑ ድረስ ያለው የዘገዬ አዲስ መንገድ ሁሉ ከግቢዋ ይታያል፤ ቢጠሩት ይሰማል።  ጭኮውን በቅቤ አሽታ በቅል ሞላች፣ ዳቦ ቆሎ ጨመረች፣ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችው። ቋጠሮውን እንደ ያዘች ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀችው።

ዘገዬ አራት ፉርጎ ጎትቶ መጋዘኑ ደረሰ። ፍሬኑን ያዘ፣ ባቡሯም እንደ ሐር ለስልሳ ቆመች። ወረደ፣ ከጥላው ተቀመጠ፣ ስንቁን ፈታ። ለአዲሱ እሳት አንዳጅ ቆርሶ ሰጠው፣ ለሸክመኞቹም አደላቸው፤ የራሱን ድርሻ ሩቅ አገር እንደ ደረሰ ሰው ቀስ ብሎ በላ። ከዚያ ባቡሯ ላይ ወጥቶ ለመመለስ ረጅሙን ፊሽካ ነፋ፤ ለድሬዳዋ ጉዞ የሚነፋውን።

ተሻለች አጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አንቱ!» ብላ ጮኸች። «በደህና ሲደርሱ መልእክት ይላኩብን!»

ዘገዬ ፊቱን ሳያዞር ባርኔጣውን ነካ አደረገ።