የጋሼ ተራራ

ሙላት አድ ሃሎም በሚባል የፋብሪካ ሰፈር አንድ ማሕሳን ውስጥ ማልጌዛ ይነዳል፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ በሁለት ብረት ምላሱ እያነሳ የሚቆልለውን መኪና። ከፍ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ከፍ ማድረግ ነው ሥራው። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ቆይቶ አንድ ብርጭቆ አልሰበረም። ቤቱ ውስጥ ግን ከፍ አድርጎ የሰቀለውን አንድ ነገር ማውረድ አቃተው። ያ ነገር ጋሼ ይባላል።

ነገሩ የመጣው በልጁ በዮታም ነው። ዮታም ጻቫውን፣ ማለት ውትድርናውን ጨርሶ፣ እንደ እኩዮቹ ዓለምን ልይ ብሎ ሄደ። እዚህ አገር ልጅ ጠመንጃውን ሲመልስ ትልቅ ቦርሳ ተሸክሞ እሩቅ ካልሄደ የተፈታ አይመስለውም። ዮታም ደግሞ ሰው የበዛበት አይጥመውም። ደቡብ አሜሪካን አልፎ፣ ባሕር መሀል፣ ከጥቂት ጠባቂዎች በቀር ወፍ እንጂ ሰው የማይኖርባት ደሴት ድረስ ሄደ። ደሴቲቱ እሳት የተፋው ድንጋይ ናት፤ ተራራዋ ዛሬም ይጨሳል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ፎቶ ሊያነሳ ሲጠጋ መሬቱ ከሥሩ ተናደ። ጉድጓዱ የሚያወጣው ጭስ ሰው ስለሚገድል ሬሳውን ላውጣ ያለ አልተገኘም።

ወሬውን መጀመሪያ የሰማችው እናቱ ጌጥነሽ ናት፤ የሰማችውም በስልክ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ መጥቶ፣ ሰው ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። ይህን ኦዴድ ከየት ይወቀው? ኦዴድ ከዮታም ጋር የሄደው ነጭ ጓደኛው ነው፤ ያን ቀን ሆዱን አሞት ወደብ ላይ ቀርቶ ነበር። "ሞተ" የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ ሲለው፣ በዕብራይስጥ፣ "ዮታም ኒሽአር በሀር ጋአሽ" አላት። እሳት የሚተፋው ተራራ ላይ ቀረ ማለቱ ነው።

"ኒሽአር" ቀረ መሆኑን ታውቃለች። "ሀር" ተራራ መሆኑንም ታውቃለች። "ጋአሽ" የሚባል ግን ሰምታ አታውቅም፤ ስለዚህ በራሷ ቋንቋ ሰማችው።

ሙላት ከሥራ ሲገባ ፊቷ በርቶ ጠበቀችው።

"ልጅህ እንግድነት ገብቶልሃል።"

"ማን ዘንድ?"

"ጋሼ የሚሉት ሰው ዘንድ። የጋሼ ተራራ ላይ ቀርቷል አለኝ ኦዴድ። አይ የኛ ሰው! የማይገባበት የለም እኮ፣ ጭራሽ ተራራ ገዛ!"

ሙላት በረንዳ ወጥቶ ለኦዴድ ደወለ። ንግግሩ ቶሎ አለቀ፤ እሱ ግን ከበረንዳው ቶሎ አልገባም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ በወጉ መጥተው መርዶውን ተናገሩ። ጌጥነሽ ጮኸች፣ ፊቷን ቧጠጠች፣ ሞቱን አመነች። ጋሼን ግን አልለቀቀችም።

"ልጄ የሞተው በጋሼ መሬት ላይ ነው። መጨረሻ ምን እንዳለ ከጋሼ አፍ ሳልሰማ ለቅሶ አልቀመጥም" አለች።

"ጌጤ፣ ጋሼ ማለት እኮ…" ብሎ ጀመረ ሙላት አንድ ቀን፣ ገበታ ላይ።

እጇን ከገበታው አነሳች። ያን ቀን አልበላችም፤ በነጋታውም አልበላችም። ከንፈሯ ሲሰነጠቅ ቢያይ ጨነቀው።

"ጋሼ ማለት እኮ ትልቅ ሰው ነው፣ ዝም ብሎ ጋሼ አልተባለም ልልሽ ነበር" አለ።

እጇን ወደ ገበታው መለሰች። ከዚያ ወዲያ ማልጌዛው ማንሳት እንጂ ማውረድ ተወ።

ሮቫ ቫቭ የሚባለው ሰፈራቸውም ጋሼን ተቀበለው። ከሕንጻው ሥር አግዳሚ ላይ የሚውሉት ሴቶች የዘር ሐረጉን ቆጠሩለት። አንዷ የወገራ ሰው ነው አለች። ሌላዋ፣ "ወገሬማ ተራራ ቢያገኝ ሸጦት ይመጣ ነበር፣ ይሄ ሰሜኔ ነው" አለች። ነጭ ሚስት አግብቷል ተባለ፤ ሳምንት ሳይቆይ ፈታት ተባለ። ሙላት ማን እንደነገራቸው ቢጠይቅ ሁሉም "አንተ ነሃ!" አሉት።

ለቅሶ ያልተቀመጡበት ቤት ግን ቤት አይደለም። ዘመድ መጥቶ ማልቀስ አይችል፣ መሳቅ አይችል፤ ሻዩን ጠጥቶ ግድግዳ አይቶ ይሄዳል። ዓመት እንዲህ አለፈና ጌጥነሽ፣ "እንሂድ" አለች። ሙላት ጉልበቴን አመመኝ አለ፣ ፈቃድ አይሰጡኝም አለ፣ ባሕር እፈራለሁ አለ። የመጨረሻው እውነት ነበር። ሄዱ።

ደሴቲቱ ወደብ ላይ ፈታሾች ጫማቸውን በብሩሽ ፈገፈጉት፤ የሌላ አገር ዘር እንዳይገባ ነው። ጌጥነሽ ለጋሼ የያዘችውን በርበሬና ድፎ ዳቦም ወሰዱት።

"ምን እንዳይነካባቸው ነው?" አለች።

"ወፎቹን።"

"ለወፍ እንዲህ የሚጠነቀቁ ናቸው ልጄን ጉድጓድ የከተቱት?"

መሬቱ ጥቁር ነው፤ እንዳረረ ድስት። በላዩ ወፍ አለ፣ ወፍ ብቻ። ጉሮሮውን እንደ ቀይ ፊኛ የነፋ አለ፣ እግሩ ሰማያዊ የሆነ አለ፤ መንገዱ መሀል እንቁላሉን ታቅፎ ሰው ሲመጣ ቀና ብሎ እንኳ አይሸሽም። ድንጋዩ ላይ የተጋደሙት እንሽላሊቶች ጨው በአፍንጫቸው ያስነጥሳሉ። ሌሎቹ ጎብኚዎች በደስታ ይንጫጫሉ። ሙላት እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አጥቶ እንደ ሌባ ይራመዳል።

የተራራው አፍ አጠገብ አንድ ጠባቂ ቆሟል። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ጠጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ነው።

"ይኸው" አለች ጌጥነሽ። ሙላት አፉን ሳይከፍት ሮጣ እግሩ ሥር ተደፋች። "ጋሼ! እንደምን ሰነበቱ?" ከቦርሳዋ ነጭ ጋቢ አውጥታ ትከሻው ላይ ጣለች። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ደንግጦ ጋቢውን ያዘና በስፓኒሽ አንድ ነገር አለ።

"አማርኛው ጠፍቶበታል" አለ ሙላት። ሌላ ነገር አልመጣለትም።

"እንግዲያ አንተ ጠይቅልኝ። ልጄን ያስታውሱታል?"

ሙላት ስፓኒሽ አያውቅም። በዕብራይስጥ፣ "ይቅርታ አባቴ" አለው። ሰውየው ጎጆ ላይ የተቀመጠች ወፍ አሳይቶ፣ አትጠጉ በሚል እጁን አወዛወዘ።

"ደግ ልጅ ነበር አለ።"

"መጨረሻውስ? ምን አለ ልጄ?"

ጠባቂው አሁንም ስለ ወፏ ተናገረ፤ ጫጩቷን በጣቱ አሳየ። ሙላት እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። ግን የሚስቱን ዓይን አየና፣ እናት የሚያስደስታት ምንድነው ብሎ አሰበ።

"'እናቴ' ብሎ ጠራ አለ። ከታች ድምፁን ሰማሁት አለ።"

ጌጥነሽ ወደ ጉድጓዱ ዞረች።

"ከወደቀ በኋላ?"

"አዎ… ከወደቀ በኋላ።"

"እንግዲያ አልሞተም ነበር።"

ሙላት ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

"አልሞተም ነበር! ልጄ ሲጣራ ይሄ ቆሞ ይሰማል? ገመድ የለውም? እጅ የለውም?" ጋቢውን ከትከሻው መንጭቃ ጣለች፤ ሸሚዙን አንገቱ ላይ ጨመደደች። "አንተ አረመኔ! ስማኝ፣ አንተ!" ከአንቱ ወደ አንተ ለመውረድ ትንፋሽ አልወሰደችም። ሽማግሌው እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ አንድ ቃል ይደጋግማል። አጠገባቸው ጫጩቷን የታቀፈችው ወፍ ንቅንቅ አላለችም።

"ተይው!" አለ ሙላት። "ልጁን አያውቀውም! ጋሼ የሚባል ሰው የለም!"

"ምን?"

"ጋአሽ ነው የሚሉት። የሚፈላ፣ የሚቆጣ ማለት ነው። ሀር ጋአሽ እሳት የሚተፋ ተራራ ነው፣ ይሄው የቆምንበት። ሰው አይደለም፣ ጌጤ።"

እጇ ከሸሚዙ ላይ ቀስ ብሎ ተፈታ።

"'እናቴ' አላለም?"

"አላውቅም።"

"ማን ነበር አብሮት?"

"ማንም።"

"ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?"

"ኦዴድ የደወለ ዕለት።"

የሽማግሌውን ሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለችለት። ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች በልጇ ስም ሙሾ አወጣች። ጎብኚዎቹ ካሜራቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ ቆሙ፤ በኋላ ወደ ወፎቹ መለሱት። ሙላት ሊያነሳት ቢቀርብ በክርኗ ገፋችው።

ሮቫ ቫቭ እንደተመለሱ ሰባቱን ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ጌጥነሽ አንድ ነገር ብቻ አዘዘች።

"ቤት ለሚገባው ሰው ሁሉ እውነቱን አንተ ትነግራለህ። እኔ ልጄን አለቅሳለሁ፣ አንተ ጋሼህን ትቀብራለህ።"

ሰው ገባ፤ ሙላት ተነስቶ ነገረ። ሌላ ሰው ገባ፤ እንደገና ተነሳ። አንዳንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዳንዱ ጫማውን አየ። አንዱ ሳቁ ቢያመልጠው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፤ ሰውም በለቅሶ ወሰደለት።

በመጨረሻው ቀን ከሌላው ሰፈር ከሮቫ ሄ እትዬ ስሜነሽ በምርኩዝ መጡ፤ በሱዳን በኩል በእግር ከመጡት አሮጊቶች አንዷ ናቸው። ሙላት አጠገብ ተቀምጠው እጁን ያዙት።

"ልጄ፣ ጋሼን አግኝታችሁታል ሲሉ ሰማሁ። ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ታላቅ ወንድሜ ሱዳን መንገድ ላይ ጠፍቶብኝ ቀረ። ሬሳውን አላየሁም። ቤት ውስጥ ስሙን አንጠራም፣ ጋሼ ነበር የምንለው። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?"

ሙላት ወደ ሚስቱ ዞረ። ጌጥነሽ ማልቀሷን አቁማ ታየው ነበር።

"ንገራቸው" አለች።

ሙላት የአሮጊቷን እጅ ሳይለቅ፣ ጋሼ ተራራ እንጂ ሰው አለመሆኑን ነገራቸው።