በረት የዞረበት መሬት

ክረምትን የሚወድ ሰው እግሩ ጭቃ የማይነካ ሰው ነው። እኔ ከሁሩሙ መንገድ ወረድ ብሎ ከወንዙ በላይ ባለው የአባቴ ግቢ ዕድሜዬን ሙሉ ከርሜያለሁ፤ አንዱንም ክረምት አልወደድኩትም። ጭሱ አይወጣም፣ እንጨቱ አይነድም፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ጨው እንኳ ከምድጃው በላይ ካልተሰቀለ ውሃ ይሆናል። በግንቦት የገባው ዝናብ እስከ መስከረም ድረስ እንደ ዘመድ ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ ሂድ አይባል።

የክረምት ትልቁ ሥራችን በረት ማዞር ነበር። እኛ አገር ከብት አንድ ቦታ ብቻ አይታሰርም። በረቱ ከካስማና ከአግዳሚ የተሠራ ነው፤ ጥቂት ቀን እዚህ ያድራል፣ ከዚያ ተነቅሎ ወደ ጎን ይተከላል። ከብቱ ያደረበት መሬት ፍጉን ይጠጣል፣ በተራው በቆሎ ሲዘራበት ሰው የሚደብቅ በቆሎ ያበቅላል። በበጋ በረቱ ሰንበት ቢልም ግድ የለም። በክረምት ግን ቶሎ ካልተነቀለ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ ኮቴው ይበሰብሳል። ስለዚህ ዝናቡ እላያችን ላይ እየወረደ ካስማ እንነቅላለን፣ አግዳሚ እንሸከማለን። ጠባቂው የሚያድርባት ትንሽ ጎጆም አብራ ትሄዳለች። አራት ሰው አንሥቷት ሲሄድ ከሩቅ ለሚያይ ቤት በእግሩ የሚሄድ ይመስላል። በዚያች ጎጆ ገሳ ለብሶ ያደረው፣ ጅብ የጠበቀው እኔ ነኝ።

አባታችን ሊሞት ሲል መሬቱን ለሁለታችን ከፈለ። ላይኛውን ለታናሽ ወንድሜ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ድንጋያማውን ለኔ። «አንተ ጉልበት አለህ» አለኝ። ይኸው ነው ምክንያቱ። ወንድሜ ያኔ መቱ ተማሪ ነበር፤ ኋላም እዚያው ቢሮ ገባ፣ አገባ፣ ቀረ። ላይኛው መሬት ያን ጊዜ ቀይ፣ የሳሳ፣ ሣር እንኳ የሚጠላው ነበር። ለማንም አላጓጓም። እኔ በረቱን አዞርኩበት። ስንት ዓመት እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ልጆቼ ተወልደው አድገው እስኪበታተኑ ድረስ ነው። አፈሩ ጠቆረ፣ ለሰለሰ፣ በእጅ ሲዘግኑት ዱቄት ሆነ። ወንድሜ ለአዲስ ዓመት ሲመጣ እሸቱን በጆንያ ጭኖ ይሄድ ነበር። «የጋሼ በቆሎ ነው፣ ብሉ» ይላቸዋል ልጆቹን።

አንድ ሐምሌ ላይ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። መንገዱ ላይ መኪና አቁሞ፣ በቀን ሠራተኛ አሸክሞ ችግኝ አወረደ። እኔ በረቱ ውስጥ ነበርኩ፣ ላሟን እያለብኩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ባሕር ዛፍ ነው፣ ጋሼ።»

«ባሕር ዛፍ መሆኑንማ አያለሁ። የት ሊተከል ነው?»

«እዚሁ። በረቱን ያነሡልኛል ብዬ ነው።»

«እዚህ በቆሎ ነው የሚዘራው።»

«በቆሎማ ከገበያ ይገዛል። መቱ ሕንፃ በሕንፃ ሆነች፣ አጣና ጠፋ። ይሄ መሬት ደግሞ ወፍራም ነው፣ ቶሎ ያደርሰዋል።»

ወፍራም ነው አለኝ! በእናቱ ሆድ ሳለ የወፈረ ይመስል።

አላነሣም አልኩ። አንሣ፣ አላነሣም ስንባባል ዋልን። በማግሥቱ ሦስት ጃርሳ፣ ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ ሰብስቦ መጣ። ዝናብ ስለነበር ከቤቴ በረንዳ ተቀመጡ። የአባታችንን አከፋፈል ሁሉም ያውቁታል፤ ሁለቱ በጊዜው ነበሩ። ወንድሜ የሚለውን አለ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና፣

«መሬቱ የእሱ ነው፣ አልካድኩም። ፍጉ የማነው? ከብቱ የኔ፣ ሌሊቱ የኔ፣ ብርዱ የኔ። እስቲ ይህንን ፍረዱልኝ» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። መጨረሻ ላይ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ከልጅነት ጀምሮ የማውቀው ጎረቤቴ፣ እጁን ዘረጋና ሳቀ። «ማል ጎና እንግዲህ!» አለ፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። «መሬቱን ተውለትና ፍግህን ዛቅና ውሰዳ!»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ። ወንድሜም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ከውስጥ ሆና የምትሰማው ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም፤ ታውቀኛለቻ።

«እሺ» አልኩ። «ፈርዳችኋል። ፍጉ የኔ ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት በረቱን ነቀልኩለት። ከብቱን ታች ካሰርኩ በኋላ አካፋና አሮጌ ቁርበት ይዤ ወጣሁ። ጥቁሩን አፈር እየዛቅሁ ቁርበቱ ላይ አደርጋለሁ፣ በአንዱ ጫፍ ባለቤቴ፣ በሌላው እኔ፣ ተሸክመን ወደ ድንጋያማው እንወርዳለን። እዚያ ዳገቱን መንጥሬ፣ ሣሩን ጠርጌ አዘጋጅቼለታለሁ። ወንድሜ ጃንጥላ ይዞ ከችግኙ አጠገብ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ኧረ ሰው ይስቃል።»

«ትናንት አንተ ስቀሃል። ዛሬ ሰው ይሳቅ።»

«አፈር ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የት ታየ?»

«ቀብር ላይ።»

ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ «እስኪደክማቸው ጠብቁ» ሲላቸው ሰምቻለሁ።

ባለቤቴ ከቀትር በኋላ ቁርበቱን መሬት ላይ ጣለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ክንዴ ወለቀ።»

«ትንሽ ነው የቀረን።»

«ምኑ ነው ትንሹ? ዳሩን እንኳ አልነካነውም!»

እውነቷን ነው፤ ጥጉን ነበር የላጥነው። ቢሆንም ታች ያፈሰስነው አፈር ደልደል ብሎ ተኝቶ ሳየው ደስ አለኝ። ለአንድ መደብ ይበቃል። ለአንድ መደብ የሚበቃ ካለ ነገም ይጨመራል ብዬ አሰብኩ።

ዝናቡ ያኔ መጣ። የሐምሌ ዝናብ ነው፣ አያካፋም፣ ይገለበጣል። ከቤቱ ጥግ ተጠግተን ቆምን። መጀመሪያ ከአፈሩ ሥር ቀጭን ውሃ ወጣ። ቀጥሎ ሁለት ሆነ። ከዚያ አፈሩ ራሱ ተነሥቶ መሄድ ጀመረ። የሚይዘው ሥር የለ፣ ሣሩን ጠርጌዋለሁ። ሮጬ ድንጋይ ደረደርኩ፣ በእጄ ገታሁ፣ በገሳዬ ጋረድኩ፤ በጣቶቼ መሀል ሄደ። ወንዙ ቀይ ነበር፤ በእኛ በኩል ያለው ዳሩ ጥቁር ሆነ፣ ጥቂት አብሮ ፈሰሰና ጠፋ።

«ወሰደው» አለች ባለቤቴ።

ወንድሜ ከላይ ሆኖ አይቷል። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ጃንጥላውን አጠፈና ሠራተኞቹን «ትከሉ» አላቸው።

ባሕር ዛፉ ዛሬ ከቤቴ ጣራ በላይ ነው። እንዲህ ፈጥኖ ያደገ ባሕር ዛፍ በአካባቢው የለም። ሰው እየመጣ ያያል፣ ወንድሜን ምን አድርገህበት ነው ይለዋል። «መሬቱ ጥሩ ነው» ይላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ጥላው ግቢዬ ላይ ይወድቃል፤ ለማድረቅ ያሰጣነው ነገር ሁሉ እስከ እኩለ ቀን ይቆያል። ሥሩም ወደ ጓሮዬ መጥቷል፣ ጎመኑ ቢጫ ሆኗል።

እኔ በረቱን ድንጋያማው ላይ አዞራለሁ። የቀሩኝ ከብቶች ጥቂት ናቸው። ልጆቼ በስልክ «አባዬ፣ ሽጣቸውና ተገላገል» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ አይሰማም፣ መስመሩ ተበላሽቷል እላቸዋለሁ። ካስማውን ለመትከል ድንጋይ በዲጂኖ መፈንቀል አለብኝ። በዚህ ክረምት አንድ ቦታ ላይ፣ ሰሌን የምታክል፣ አፈሩ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ዝናቡ እየመታት ቆማ አየችውና፣

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለበቆሎ ነው» አልኳት።

ወደ ቤት ገባችና ከገበያ የገዛችውን፣ ጆንያ ጆንያ የሚሸተውን በቆሎ ቀቅላ አቀረበችልኝ።